የባለ 10 አሃዝ ቁጥር አበላለት፦ 1,234,567,890 ምን ምን ይዟል?

ዶሮ መበለት የሚያውቅ ሰው ቢላዋውን አጥንት ላይ አያሳርፍም፤ መገጣጠሚያውን በጣቱ ፈልጎ እዚያ ላይ ይቆርጣል። ትልቅ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የሚያደክመው ርዝመቱ ሳይሆን መገጣጠሚያውን ሳይፈልጉ ዝም ብሎ ማካፈል ነው። የቁጥር መገጣጠሚያዎች ብቸኛ አባዢዎቹ ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍላቸው። እነሱ ከተገኙ ቁጥሩ ስንት አካፋይ እንዳለው፣ የአካፋዮቹ ድምር ስንት እንደሚሆን፣ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ ይጻፍ እንደሆነ ለማወቅ ከአንድ ሁለት መስመር በላይ አይፈጅም። ስለዚህ የሥራው አብዛኛው ክፍል ፍለጋው ነው።

ማሳያችን 1,234,567,890 ነው፤ አንድ ቢሊዮን ከ234 ሚሊዮን ከ567 ሺህ ከ890። ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች አንድ አንድ ጊዜ ገብተውበታል። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ካልኩሌተር ካስፈለገ ባለ 10 ወይም ባለ 12 አሃዝ ይሁን፤ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የሚውለው ባለ 8 አሃዝ ካልኩሌተር ይህን ቁጥር ጨርሶ አይቀበልም።

ከማካፈል በፊት ማየት

መጀመሪያ አሃዞቹን ይደምሩ፦ 1+2+3+4+5+6+7+8+9+0 = 45። 45 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። ከዚህ አንድ ነገር በነፃ ይገኛል፦ እነዚህን አሥር አሃዞች እንደፈለጉ ቢያደበላልቋቸው ድምራቸው ያው 45 ነው፤ ስለዚህ አሥሩንም አንድ አንድ ጊዜ የያዘ ቁጥር በምንም አደራደር ብቸኛ ቁጥር ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የአሃዞች ድምር ዘዴ የሚሠራው ለ3 እና ለ9 ብቻ ነው። «ድምሩ ለ27 ከተካፈለ ቁጥሩም ለ27 ይካፈላል» ብሎ መቀጠል አይቻልም። 1,899ን ይመልከቱ፦ የአሃዞቹ ድምር 27 ነው፤ ቁጥሩን ለ27 ሲያካፍሉት ግን 9 ይቀራል። ምክንያቱ 10 ለ9 ሲካፈል 1 መቅረቱ ነው፤ 10 ለ27 ሲካፈል ግን የሚቀረው 10 ራሱ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አድርገው ይክፈሉት፦ 12 | 34 | 56 | 78 | 90። በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ለሚችል ይህ አከፋፈል አዲስ አይደለም። የግዕዝ አጻጻፍ ራሱ በጥንድ የሚሄድ ነው፤ በየጥንዱ መሃል ፻ እና ፼ እየተፈራረቁ ይገባሉ፦ ፲፪፼፴፬፻፶፮፼፸፰፻፺። ዜሮ የለውም፤ 90 በአንድ ምልክት በ፺ ይጻፋል። አሁን ጥንዶቹን ይደምሩ፦ 12+34+56+78+90 = 270። 270ንም እንደገና በጥንድ ይክፈሉት፦ 2+70 = 72። ይህ 72 ቁጥሩ ለ99 ሲካፈል የሚቀረው ነው፤ 100 ለ99 ሲካፈል 1 ስለሚቀር እያንዳንዱ ጥንድ ባለበት ቤት ሁሉ የራሱን ያህል ብቻ ይሰጣል። 99 ደግሞ 9 × 11 ስለሆነ በአንድ ድምር ሁለት ፈተና ተሠራ ማለት ነው። 72 ለ9 ሲካፈል ምንም አይቀርም፤ ለ11 ሲካፈል 6 ይቀራል። ስለዚህ 11 አባዢ አይደለም።

ለ7 እና ለ13 ደግሞ ሦስት ሦስት አድርገው ይክፈሉት፦ 1 | 234 | 567 | 890። ከቀኝ ጀምረው አንዱን እየደመሩ አንዱን እየቀነሱ ይሂዱ፦ 890 − 567 + 234 − 1 = 556። 1,001 = 7 × 11 × 13 ስለሆነ የ556 ቀሪዎች የቁጥሩም ቀሪዎች ናቸው። ለ7 ሲካፈል 3፣ ለ11 ሲካፈል 6፣ ለ13 ሲካፈል 10 ይቀራል። የ11 ቀሪ ቀደም ብሎ በጥንድ ካገኘነው 6 ጋር መግጠሙን ልብ ይበሉ፤ ባይገጥም ኖሮ አንዱ ቦታ ላይ ተሳስተናል ማለት ነበር። ከግራ መጀመር ግን አይገባም። ክፍሎቹ አራት ስለሆኑ ከግራ ቢጀምሩ −556 ያገኛሉ። ለመካፈሉና ላለመካፈሉ መልሱ አይለወጥም፤ ቀሪዎቹ ግን ሁሉም ይበላሻሉ።

ቀላሉን ሥጋ ማንሳት

መጨረሻው 0 ስለሆነ ለ2 እና ለ5 ይካፈላል፤ ለ9 እንደሚካፈልም አይተናል። በተራ፦

1,234,567,890 ÷ 2 = 617,283,945
617,283,945 ÷ 5 = 123,456,789
123,456,789 ÷ 9 = 13,717,421

ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ያው አካፋይ እንደገና ይሠራ እንደሆነ ይፈትሹ። የመጨረሻው ድርሻ ጎዶሎ ነው፤ በ5 አያልቅም፤ የአሃዞቹ ድምር 26 ስለሆነ ለ3 አይካፈልም። ስለዚህ 2 አንዴ፣ 3 ሁለቴ፣ 5 አንዴ ወጥተዋል፤ የቀረው 13,717,421 ነው። 7፣ 11 እና 13 ከሙሉው ቁጥር ላይ ስለወደቁ ከዚህም ላይ ወድቀዋል። ደግሞ መሞከር አያስፈልግም።

አጥንቱ፦ 13,717,421

የተለመደው መንገድ ብቸኛ ቁጥሮችን ከትንሹ ጀምሮ አንድ በአንድ መሞከር ነው። የት እንደሚቆም ይታወቃል፤ ከስኩዌር ሩቱ አያልፍም። 3,700² = 13,690,000 ነው፤ የጎደለው 27,421 ለ7,400 ሲካፈል 3.7 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ስኩዌር ሩቱ በ3,703 እና በ3,704 መካከል ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን አባዢ የሚያገኘው 504ኛው ብቸኛ ቁጥር ላይ ሲደርስ ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ስለተሠሩ 498 ማካፈል ይቀረዋል። አንድ ሙሉ ደብተር ያልቃል።

ስለዚህ የፈረንሳዊውን የፒየር ደ ፌርማን መንገድ እንያዝ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጎዶሎ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነትም ነው። የሁለቱን አባዢዎች አማካይ ሀ፣ የልዩነታቸውን ግማሽ ለ ብንለው ቁጥሩ ሀ² − ለ² ይሆናል፤ አባዢዎቹም ሀ − ለ እና ሀ + ለ ናቸው። ስለዚህ ከስኩዌር ሩቱ ቀጥሎ ካለው ሙሉ ቁጥር ይጀምሩ፤ ስኩዌሩን ያውጡ፤ ቁጥሩን ይቀንሱለት፤ ትርፉ ራሱ ስኩዌር መሆኑን ይዩ።

ሀ = 3,704፦ 13,719,616 − 13,717,421 = 2,195
ሀ = 3,705፦ 13,727,025 − 13,717,421 = 9,604

2,195 ስኩዌር አለመሆኑን ለማወቅ ሥሩን መፈለግ አያሻም። በ5 የሚያልቅ ስኩዌር ሁሉ መጨረሻው 25 ነው፤ ይህ በ95 ስለሚያልቅ ወድቋል። በ2፣ በ3፣ በ7 እና በ8 የሚያልቁትንም ሳያስቡ ይጣሉ። 9,604 ግን 98² ነው። ተገኘ፦ 3,705 − 98 = 3,607፤ 3,705 + 98 = 3,803። 498 ማካፈል በሁለት እርምጃ ተተካ።

ሁለተኛውን ስኩዌር ከሥሩ ማስላትም አያስፈልግም ነበር። ሀ በ1 ሲጨምር ስኩዌሩ በ2ሀ + 1 ይጨምራል፤ 2 × 3,704 + 1 = 7,409 ነው፤ 2,195 + 7,409 = 9,604። ቀጣዩ ላይ 7,411፣ ከዚያ 7,413 እየደመሩ መሄድ ብቻ ነው። ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1643 በጻፈው ደብዳቤ ላይ 2,027,651,281ን በዚሁ መንገድ ፈትቶ አሳይቷል። ከ45,030 ጀምሮ በ12ኛው እርምጃ 45,041 ላይ ትርፉ 1,040,400 ይሆናል፤ ይህም 1,020² ነው። አባዢዎቹ 44,021 እና 46,061 ናቸው።

ዘዴው ግን ለሁሉም አይሆንም። ፈጣን የሚሆነው ሁለቱ አባዢዎች ሲቀራረቡ ብቻ ነው። 11,409 ትንሽ ቁጥር ነው፤ አባዢዎቹ 3 እና 3,803 ናቸው። በፌርማ መንገድ ከ107 ተነስተው 1,903 ድረስ 1,797 እርምጃ መሄድ ይኖርብዎታል፤ የአሃዞቹን ድምር ያየ ሰው ግን 3ን በአንድ እይታ ያገኘዋል። ትንንሾቹን አካፋዮች ሳያነሱ ወደ ፌርማ መንገድ መሮጥ የሚያስከፍለው ይህን ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ዘዴውን በቀጥታ 1,234,567,890 ላይ ቢጀምሩት እስከ ዕለተ ሞት አያልቅም፤ ምክንያቱም ይህ ቁጥር ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ለ4 ሲካፈል 2 የሚቀረው ቁጥር ደግሞ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ አያውቅም። 2ን አስቀድሞ ማውጣት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ምስጢር ለመጠበቅ የሚያገለግለው አርኤስኤ የተባለው ዘዴ የቆመው የሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ብዜት መልሶ መፍታት ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። ባለ 2,048 ቢት (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚጻፍበት አንድ ቤት ነው) ቁልፍ 617 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ያን ያህል ረዝሞም ቢሆን ሁለቱ አባዢዎች በጣም ከተቀራረቡ ከላይ ያለው የሁለት መስመር ሥራ ይፈታዋል። ቁልፍ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሁለቱ ቁጥሮች እንዲራራቁ የሚጠነቀቁት ስለዚህ ነው።

ውጤቱን ሳያረጋግጡ አይለፉ

ሁለት ጥያቄ አለ። ብዜቱ ትክክል ነው? አባዢዎቹስ ራሳቸው ብቸኛ ናቸው?

ለመጀመሪያው ዘጠኝን መጣል፣ ማለትም አንድ አሃዝ እስኪቀር አሃዞችን መደመር፣ ይበቃ ይሆናል፦ 3,607 → 16 → 7፤ 3,803 → 14 → 5፤ 7 × 5 = 35 → 8። 13,717,421 ደግሞ 26 → 8። ገጥሟል። ነገር ግን ሁለት አሃዝ ቦታ ቢለዋወጥ፣ ለምሳሌ 3,607ን 3,067 ብለው ቢጽፉት፣ ዘጠኝን መጣል ምንም አይነግርዎትም፤ ድምሩ ያው ነውና። የጎረቤት አሃዞችን መለዋወጥ የሚይዘው የ11 ፈተና ነው፦ 3,607 ለ11 ሲካፈል 10፣ 3,803 ለ11 ሲካፈል 8 ይቀራል፤ 10 × 8 = 80፣ 80 ለ11 ሲካፈል 3 ይቀራል። 13,717,421 በሦስት ሦስት ሲከፈል 421 − 717 + 13 = −283 ይሰጣል፤ 286 (26 × 11) ሲጨመርበት 3 ይሆናል። ይህም ገጠመ።

ለሁለተኛው ጥያቄ የ3,607 ስኩዌር ሩት ከ60 ትንሽ ያልፋል፤ ስለዚህ እስከ 59 ያሉትን 17 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር በቂ ነው። ለ3,803 እስከ 61 ይሂዱ። የትኛውም አያካፍላቸውም። በጣም የሚያሳስቱት ቀሪያቸው ትንሽ የሆኑት ናቸው፦ 17 × 212 = 3,604፣ 53 × 68 = 3,604፣ 19 × 200 = 3,800። በችኮላ «ደረሰ» የሚያሰኙ ናቸው፤ ሦስቱም ላይ 3 ይቀራል።

እንግዲህ ሙሉው ብልት ይህ ነው፦

1,234,567,890 = 2 × 3² × 5 × 3,607 × 3,803

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው

የአካፋዮች ብዛት፦ በእያንዳንዱ አርቢ ላይ (አባዢው ስንት ጊዜ እንደገባ በሚናገረው ቁጥር ላይ) 1 ይጨምሩና ያባዙ። አርቢዎቹ 1፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1 ናቸው፤ 2 × 3 × 2 × 2 × 2 = 48 አካፋዮች። የሚረሳው አርቢ ያልተጻፈበት ቁጥር አርቢው 1 መሆኑ ነው።

የአካፋዮች ድምር፦ (1+2) × (1+3+9) × (1+5) × (1+3,607) × (1+3,803) = 3 × 13 × 6 × 3,608 × 3,804 = 3,211,610,688። ለ3² የሚገባው 1+3+9 ነው፤ 1+9 ብሎ መሃሉን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚህ ላይ ቁጥሩን ራሱን ሲቀንሱ 1,977,042,798 ይቀራል። የቀሩት አካፋዮች ድምር ከቁጥሩ ስለበለጠ ቁጥሩ ትርፋም ከሚባሉት ወገን ነው። ይህ አያስደንቅም፤ ከ6 የሚበልጥ የ6 ብዜት ሁሉ እንዲሁ ነው።

ከ1 ጀምሮ እስከ ራሱ ካሉት ውስጥ ከ1 በቀር ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ለመቁጠር ደግሞ ከእያንዳንዱ ብቸኛ አባዢ 1 ይቀነሳል፤ አርቢ ያለበት ግን አንዱ ብቻ ነው የሚቀነሰው፦ 1 × (2 × 3) × 4 × 3,606 × 3,802 = 329,040,288። ለማረጋገጥ ያህል፣ ሁለቱ ትላልቅ አባዢዎች ብዙም ስለማይጎዱ መልሱ ከቁጥሩ 4/15 ትንሽ ማነስ አለበት፤ 4/15ቱ 329,218,104 ነው።

የሁለት ስኩዌሮች ድምር ይሆናል? እዚህ ወጥመድ አለ። 13,717,421 ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «አዎ፣ ይሆናል» ይላል። ያ ደንብ የሚሠራው ለብቸኛ ቁጥር ነው። ለሌላው መታየት ያለበት እያንዳንዱ አባዢ ነው፤ ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ብቸኛ አባዢ ሁሉ አርቢው ተጋማሽ መሆን አለበት። 3,607 እና 3,803 ሁለቱም 3 ይቀራቸዋል፤ አርቢያቸውም 1 ነው። ሁለት 3 ተባዝተው 9 ሆኑ፣ 9 ለ4 ሲካፈል 1 ቀረ፤ ማታለያው እዚህ ነው የተሠራው። ስለዚህ 13,717,421ም ሆነ 1,234,567,890 የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ አይጻፍም።

ቁጥሩ ሰከንድ ቢሆንስ?

ኮምፒውተሮች ጊዜን በሰከንድ የሚቆጥሩት ከሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970) ጀምሮ በግሪንዊች ሰዓት ነው። 1,234,567,890ኛው ሰከንድ መቼ ነበር? የኢትዮጵያን ሰዓት ለማግኘት መጀመሪያ የ3 ሰዓት ልዩነቱን፣ 10,800 ሰከንድ፣ ይጨምሩ፦ 1,234,578,690። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ ሲያካፍሉ 14,289 ቀን ይወጣል፤ 9,090 ሰከንድ ይቀራል። ቀሪው ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡31፡30። 14,289 ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ሐሙስ ላይ ሁለት ሲጨመር ቅዳሜ።

ቀኑን ለማግኘት፦ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ድረስ 39 ዓመት ነው። በመሃል ጳጉሜን 6 የሆነችው 10 ጊዜ ነው፤ ከ1963 እስከ 1999 በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ። 39 × 365 + 10 = 14,245። የቀሩት 44 ቀናት ታኅሣሥን በ7 ይጨርሳሉ፣ ጥርን 30 ይወስዳሉ፣ 7 ይተርፋቸዋል። ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም.። ሦስቱን ሰዓት መጨመር የረሳ ሰው ዓርብ የካቲት 6 ላይ ይቀራል።

ማሽን ውስጥ ሲገባ

ወደ ሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ወደሚጻፍ ቁጥር፣ ለመለወጥ ቁጥሩን እየገመሱ ይውረዱ፤ ጎዶሎ በሆነ ቁጥር 1፣ ተጋማሽ በሆነ 0 ይጻፉ፦ 1,234,567,890 (0)፣ 617,283,945 (1)፣ 308,641,972 (0)፣ 154,320,986 (0)፣ 77,160,493 (1) እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» በሚሉት፣ አንዱን ቁጥር እየገመሱ ሌላውን እያጠፉ በሚያባዙበት ዘዴ፣ አንዱን ረድፍ መግመስ ማለት ይኸው ነው። ውጤቱ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፦ 1001001 10010110 00000010 11010010። 31 ቤት ነው፤ 12ቱ ላይ 1 አለ።

31 ቤት መሆኑ ጠቃሚ መረጃ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሙሉ ቁጥር የሚይዙበት ባለ 32 ቢት ቦታ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ቁጥራችን ይገባል፤ የአካፋዮቹ ድምር 3,211,610,688 ግን አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ −1,083,356,608 ሆኖ ይወጣል። የአካፋዮች ድምር ከዜሮ በታች ከወጣ ችግሩ ከስሌቱ ሳይሆን ከቦታው ጥበት ነው፤ ባለ 64 ቢት ይጠቀሙ። ኤክሴል ደግሞ 15 አሃዝ ብቻ ይዞ የቀረውን በዜሮ ይሞላል። የቁጥሩ ስኩዌር 1,524,157,875,019,052,100 ሲሆን ኤክሴል የሚያሳየው 1,524,157,875,019,050,000 ነው። በዚያ ላይ የመካፈል ፈተና ቢሠሩ ሌላ ቁጥር እየፈተኑ ነው።

ለመለማመድ አሃዞቹን ገልብጠው 9,876,543,210ን ይያዙ። 2፣ 5 እና 9 ሲወጡ 109,739,369 ይቀራል። እዚህ ላይ ወደ ፌርማ አይቸኩሉ፤ ከ7፣ ከ11 እና ከ13 ቀጥሎ ያለውን 17 ይሞክሩ፤ ከሠራም ደግመው ይሞክሩት። በመጨረሻ የሚቀረው 379,721 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ይህን ለማረጋገጥ እስከ 613 መሄድ ያስፈልጋል። አካፋዮቹን ሲቆጥሩ 72 ካልመጣልዎ ሁለተኛውን 17 ረስተዋል።